ስሚና ንገሪኝ

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉሮሮዎስ ተሻለዎት? ባለፈው ቅዳሜ በሬዲዮ ሲናገሩ ሁለት ጊዜ አስሎዎታል። አዎ፣ ሰምቼዎታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቴ ጢም ብሎ፣ ሦስቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች በሰው ጭንቅላት ላይ እያገሱ፣ አንድም ቀን ፕሮግራምዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ደንበኞቼን ሌላ ቀን ኑ ብዬ መልሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁዎት። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ። ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የሚያፈሰው ጣሪያስ ተደፈነ?

እኔ ደህና ነኝ። ኧረ እንዲያውም እንደዚህ ሰሞን ደህና ሆኜ አላውቅም። ወገቤ እንደ ልማዱ ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ወገብ ነውና አልፈርድበትም። የምበላው ይጣፍጠኛል። ቂም እንቅልፍ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አይነሳም፣ ለጥ ብዬ ነው የምተኛው።

ሐሙስ ስለሚፈረመው የመጽሐፍ ውል እንኳን ደስ አለዎት። በሬዲዮ ስለ ሙዚቃ ሸክላዎቹ የተናገሩት ሁሉ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሊሆን ነው ብለው ሲደውሉልኝ ድምፅዎ ራሱ ክራቫት ያሰረ ይመስል ነበር። ጋዜጠኞች ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሸክላዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ አሉኝ። አሳታሚዋ ሴትዮ ለፎቶው ፀጉራቸውን እንዳሳምርላቸው ወደ እኔ እንደሚልኳቸውም ነገሩኝ። እኔንም አልረሱኝም፤ «ከኋላ ወንበር ቦታ ይዤልሻለሁ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሸክላዎቹ ደህና ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ጣሪያዎ ማፍሰስ ሲጀምር ስድስቱን ካርቶን ታክሲ ላይ ጭነው ሲመጡ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ገና ደህና ዋልሽ ሳይሉኝ፣ «ጓዳሽ ደረቅ ነው፣ እዚሁ ይቀመጡ። እንዳትከፍቻቸው ግን አደራ፤ እጅሽ ቅባት አለው» አሉኝ። እኔም «እሺ ወንድም ጋሼ» አልኩ። መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? አባባ የሞተ ጊዜ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ እርስዎ ሃያ ሰባት። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን እማዬ ጓዳ ጠርታኝ፣ «ከእንግዲህ አባትሽ እሱ ነው፤ አንቱ በይው» አለችኝ። አባባን ራሱን አንተ እያልኩ ጭኑ ላይ ያደግኩ ልጅ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምላሴ እየተንሸራተተም ቢሆን እርስዎን አንቱ አልኩ። የአባባ ሸክላዎችም በዚያው የእርስዎ ሆኑ። አባባ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለነበር ከየሄደበት ከተማ አንድ አንድ እያለ ያመጣቸው ናቸው፤ ጃዙም፣ ብሉዙም፣ ሮኩም፣ የኦርኬስትራውም። ለእኔ የደረሰኝ ማጫወቻው ነው። እሱም ተበላሽቶ ስለነበር ነው የደረሰኝ።

«እጅሽ ቅባት አለው» የምትለዋ ቃል የመጣችው ፀጉር መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ውሸት አይደለም፤ የፀጉር ቅባት ከእጅ ቶሎ አይለቅም። እርስዎ ግን ቃሏን ለሸክላ ብቻ አልነበረም የሚያወጧት። ለመጽሐፍም፣ ለፎቶ አልበምም ያወጧታል። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ እንኳ፣ «ተዋት፣ እጇ ቅባት አለው» ብለው ቤቱን አሳቁት። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እንግዲህ ልናዘዝልዎት። ከፈትኳቸው።

ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ፈትቼ ማጫወቻውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አውጥቼ ሳየው፣ የተበላሸው ሸክላውን የምታዞረው ቀጭን ጎማ ብቻ ኖራለች። ተበጥሳለች። በምትኳ የፀጉር ላስቲክ አሰርኩበት። ዞረ! እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በአልኮል ታጥቤ ከላይ ያገኘሁትን ሸክላ አወጣሁ። ወንድ ዘፋኝ ነው። ምን ልበልዎ፣ ድምፁ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ እያንዳንዷን ቃል ይጎትታታል፣ ይንፏቀቃል። ይሄ ሰውዬ ሰው ሞቶበታል ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሁለቱንም ፊት አልቅሼለት ሰማሁ። በማግስቱ ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤቴ ትክክለኛዋን ጎማ ሲገጥምልኝ፣ ያው ሰውዬ ለካ የሠርግ ዘፈን ነው የሚዘፍነው፣ እያጨበጨበ! እያዘገየ ሐዘን ያስቀመጠው የእኔ ላስቲክ ነበር። ጎረቤቴ ፊት ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለእርስዎ ደውዬ ልነግርዎ ስልኩን ሁሉ አንሥቼ ነበር፤ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያኔ ገና እወድዎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት አንድ አንድ ሸክላ መስማት ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ብሉዝ ደረሰኝ። የአንድ ሽማግሌና የአንድ ጊታር ሸክላ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም። ሽማግሌው አንድ ነገር ያጉረመርማል፣ ጊታሩ ቀበል አድርጎ ይመልስለታል። ለብቻዬ ጮክ ብዬ፣ «ይቺ ጊታር ሚስቱ ናት፤ አንድ ሲናገር ሁለት ትመልስለታለች» አልኩ። ሸክላውን ልመልስ ሽፋኑን ሳዘነብል አንዲት ነጭ ካርድ ወደቀች። በእርስዎ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ጊታሯ ሚስቱ ናት። እሱ አንድ ሲናገር እሷ ሁለት ትመልሳለች። እ.»

ክው ነው ያልኩት።

ካርዶቹን አውቃቸዋለሁ። እሑድ እሑድ እማዬ ቤት ሲመጡ፣ እኔ የእማዬን ፀጉር ስሠራ፣ እርስዎ ሸክላ ያስቀምጡና ካርድ ጉልበትዎ ላይ ይዘው ይቀመጡ ነበር። «ምን ይመስልሻል?» ይሉኛል። እኔም የፀጉር ሽቦ በጥርሴ ነክሼ አፌ ላይ የመጣውን እዘባርቃለሁ። እማዬ ትስቃለች። እርስዎ ጫር ጫር ያደርጋሉ። የሸክላውን ቁጥር የሚመዘግቡ ነበር የሚመስለኝ። እማዬ ካረፈች በኋላም አልተዉኝም፤ ከቤትዎ ይደውሉልኝና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጠው፣ «ስሚና ንገሪኝ» ይሉኛል። ሙሉ የሸክላ ፊት በስልክ! ጆሮዬ እስኪግል እሰማለሁ። ወንድሜ ብቸኝነቴ አሳዝኖት ነው፣ እያጫወተኝ ነው እያልኩ ለደንበኞቼ ሳይቀር እመጻደቅ ነበር።

በካርዱ ጥግ ያለችውን ፊደል ለመረዳት አልተቸገርኩም። በየሰው ፊት የሚኮሩበት ነገር ነው፤ ምንጩ ያልተጻፈበት ካርድ የሌባ ካርድ ነው ይላሉ። «መ.» ማለት ከመጽሔት የተገኘ ነው። «ሽ.» ከሸክላው ሽፋን ጀርባ የተገለበጠ ነው። «እ.» ደግሞ እኔ፤ ራስዎ አስበው የተናገሩት ማለት ነው አልኩ።

ቀጠልኩ። የኦርኬስትራውን ስሰማ፣ ያ ሁሉ ሰው ያ ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ መጥቶ አንዲት ቀጭን ዋሽንት እስክትጀምር ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ፣ «ትንሿ ልጅ ልትናገር ነው፣ ዝም በሉ ተባሉ» አልኩ። ካርዱ ላይ ትንሿ ልጅ አለች፤ እ. የሬጌውን ስሰማ፣ «ቤዙ ነው ባለቤቱ፣ ሌሎቹ ተከራይ ናቸው» አልኩ። ካርዱ፦ ቤዙ ባለቤት፣ ሌሎቹ ተከራይ። እ. አፌን ያዝኩ። ለዳንስ የተቀዳች አንዲት ሸክላ ላይ ደግሞ፣ «ይቺ ዘፋኝ የተጣደፈችው ካስክ ሥር ተቀምጣ ቀጠሮ የረሳች ሴት ሆና ነው» አልኩ፤ ካርዱ ላይ ካስኩ ወጥቶ ባቡር ገብቷል እንጂ ቀጠሮውም መጣደፉም እንዳለ ነው። እርስዎ መቼም ካስክ ሥር ተቀምጠው አያውቁም። ጥቂት ካርዶች ጭራሽ ፊደል የላቸውም። እነሱ ላይ «ታላቅ ሥራ ነው» ይላል። አንዱ ላይ «እጅግ ታላቅ ሥራ ነው» ይላል።

ያምኑኛል? ያፈርኩት በራሴ ነበር።

ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሬዲዮ ጣቢያችሁ አዲስ የሙዚቃ አቅራቢ ሲፈልግ ሳልነግርዎ ተመዝግቤ ነበር። ለፈተናው አንድ ቀሚስ አሰፋሁ። እጄን እንኳ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ከቅባት አሳርፌዋለሁ። ስገባ ሦስት ፈታኞች ጠረጴዛ ላይ፣ እርስዎ ከጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሸክላዎቻችን አንዱን አስቀምጪና አምስት ደቂቃ ተናገሪ አሉኝ። እኛም ቤት ያለውን የትራምፔት ጃዝ መረጥኩ። «ይሄ ሰውዬ ትራምፔቱን የሚነፋው በር ላይ ቆሞ ነው፣ ልግባ አልግባ እያለ» ብዬ ጀመርኩ። መነጽር ያደረጉት ፈታኝ እጃቸውን አነሡና፣ ይህንን እኮ ወንድምሽ ባለፈው ወር በፕሮግራሙ ላይ ቃል በቃል ብሎታል፣ እኛ በቀቀን አንፈልግም አሉ። ሁለቱ ሳቁ። እኔ ወደ እርስዎ ዞርኩ። እርስዎ የእጅ ሰዓትዎን ይጠመዝዙ ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኩት! ባልደረቦችዎ ፊት አዋረድኩዎት፣ ቃልዎን ሳላውቀው ወስጄ ነው አልኩ። እርስዎም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «አይዞሽ፣ የሚወዱትን ሰው አፍ መውሰድ ያለ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየዘመዱ ቤት ስሜ በቀቀኗ ሆነ። ያወጡልኝም እርስዎ ነዎት። ዘጠኝ ዓመት «በቀቀኗ መጣች» ሲሉ «መጣሁ» እያልኩ ገብቻለሁ።

ስለዚህ ካርዶቹን ሳይ አመንኩ። ቃሉ የእሳቸው ነው፣ እኔ በእርግጥም በቀቀን ነኝ አልኩ። ካርቶኖቹን በፕላስተር አሽጌ ልተዋቸው ተነሥቼ ነበር። ፕላስተሩ እጄ ላይ እያለ አንድ ሸክላ ብቻ ልስማ አልኩ።

የሴት ዘፋኟን ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት የተቀዳችውን። ያስታውሱታል፣ ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ከታዳሚው አንድ ሰው ያስነጥሳል። ዘፋኟ አትቆጣም፣ አታቋርጥም፤ ድምፅዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋ መለስ ታደርገዋለች። «ይማርህ ያለችው በዜማ ነው» አልኩና ሳቅኩ። ካርዱን አወጣሁ። «አንድ ሰው ያስነጥሳል። ዘፋኟ ይማርህ ያለችው በዜማ ነው። እ. የእማዬን ፀጉር እየሠራች የተናገረችው። እማዬ እስክታነባ ሳቀች። ለቅዳሜ።»

የተናገረችው።

ደግሜ አነበብኩት። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አነበብኩት። የተናገረችው ይላል። እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆኑት? ከመቼ ወዲህ ነው የእማዬን ፀጉር የሠሩት? እ. እኔ አይደለም። እ. ማለት እህቴ ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀርቷል። እማዬ ይቅር ትበለኝ፤ አንቱ ያስባለችኝ አባት ይሆናታል ብላ ነው፣ አንተ ግን አልሆንከኝም። አንተ። ሰማኸኝ? ሃያ ስምንት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤህ ዞርኩ፣ ስተፋህ ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ስድስቱን ካርቶን መሬት ላይ ዘረገፍኳቸው። የዚያን ቀን ፀጉር ቤቱን አልከፈትኩም። ከሠላሳ ስምንት ሸክላ ሰባ ሁለት ካርድ ወጣ፤ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ይዟል። አሥራ አንዱ መ.፣ ዘጠኙ ሽ.፣ አምስቱ ፊደል የሌላቸው ያንተ ታላቅ ሥራዎች፣ አርባ ሰባቱ እ. የትራምፔቱም አለ። በር ላይ የቆመው ሰው፣ ልግባ አልግባ የሚለው፤ ከጥጉ እ.፣ ከሥሩ ቀኑ። ቀኑ እኔ ለፈተና ከመቆሜ ሁለት ዓመት ይቀድማል። በዚያች ክፍል ውስጥ በቀቀኑ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ሰዓቱን ይጠመዝዝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። «የራሷ ነው» ብትል ምን ትሆን ነበር? ፕሮግራምህን አይቀሙህም። ወንበርህን አይወስዱብህም። በጥግህ ተቀምጠህ ዝም አልክ፣ በማግስቱም ይቅርታዬን ተቀበልከኝ። አንጀቴ አሁን ድረስ የሚያርረው ይቅርታውን ስለተቀበልክ ነው።

ከሁሉ የባሰችው ግን የፒያኖዋ ካርድ ናት። እማዬ ባረፈች በሁለተኛው ሳምንት የደወልክልኝን ታስታውሳለህ? ስልኩን ድምፅ ማጉያው ፊት አስቀመጥክ። አንድ ሰው ብቻውን ፒያኖ ይጫወታል፣ ቀስ ብሎ፣ ፈራ ተባ እያለ። እኔ አልጋዋ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አንሶላዋ ገና አልታጠበም። «ይሄ ሰው ጣቱን እንዲህ የሚያስቀምጠው የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው» አልኩህ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ። አንተም ዝም አልክ። አብሮኝ እያለቀሰ ነው ብዬ ነበር። ካርዷን አገኘኋት። ቃሌ እንዳለ ተጽፏል፣ ከጥጉ እንዲህ ይላል፦ «እ. እያለቀሰች። በጣም ጥሩ።»

በጣም ጥሩ! ወይ ጉድ። ለቅዳሜህ ስንቅ እየሰፈርክ ኖሯል።

ሱቅ ዘግቼ የሰማሁህ ለዚህ ነው። ቅዳሜ የምታቀርበው የፒያኖዋን እንደሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ማስታወቂያ ሲነገር ሰምቼ ነበር። «እናቴን ባጣሁ ሰሞን ይህንን ስሰማ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ» አልክ። ከዚያ ሳልክ። ከዚያ ነገርካቸው። ከዚያ ደግመህ ሳልክ፣ ድምፅህ የተሰነጠቀ እንዲመስል። አስመሳይ! የአድማጮች ስልክ ተከፈተና አንዲት ሴት እያለቀሰች አመሰገነችህ፣ አንተም «ምን ማድረግ ይቻላል፣ ሐዘን ያስተምራል» አልካት። ወንበሩ ላይ ሆኜ ሳቄ መጣ። ንዴት ሲበዛ ሳቅ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ከፕሮግራምህ በኋላ ሮኩን አስቀመጥኩ። ድሮ በስልክ ስታሰማኝ፣ «ጎረቤት ተጣልቷል፣ ገላግሏቸው» ብዬህ ነበር፤ እሷም ካርድ ሆናለች። ያን ቀን ግን ድምፁን እስከ ጥጉ ለቅቄ ሰማሁት። ከበሮ መቺው የሚመታው ከበሮውን አይደለም፣ አንድ የሚያውቀውን ሰው ነው። ደግሞ አይሳሳትም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ንዴቱን ቆጥሮ ነው የሚያወርደው፤ ቢቸኩል ዘፈኑ ይበላሽበታል። እኔም እንደሱ ቆጥሬ ነው የማወርድበት አልኩ። ይቺን ቃል ግን ካርድ ላይ አታገኛትም፣ ለራሴ ነው ያስቀመጥኳት።

መጀመሪያ የዛትኩት ሸክላዎቹ ላይ ነው። የብረት ጭራ ያላት ማበጠሪያ አለችኝ፣ ፀጉር የምከፍልባት። ሠላሳ ስምንቱንም ከመሀል እስከ ጠርዝ አንድ አንድ ጊዜ ብጭርልህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የመጀመሪያውን ከሽፋኑ አውጥቼ ጭራዋን አስጠጋሁ። ሽፋኑ ላይ ታች በኩል አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። አውራ ጣት ነው። የአባባ አውራ ጣት፣ ነዳጅ የነካው፣ ደርቆ የቀረ። ሌላውን አነሣሁ፤ እሱም ላይ አለ። ሁሉም ላይ አለ። አንተ ሃያ ስምንት ዓመት በነጭ ጨርቅ ስትወለውል አልለቀቀልህም። ለካ በዚህ ቤት እጁ ቅባት የነበረው እኔ ብቻ አይደለሁም። ማበጠሪያዋን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ቁጭ ብዬም አለቀስኩ።

አላዘነችልኝም እንዳትል። ፀጉር ቤቱን ስከፍት ትልቁን መስታወት የገዛህልኝ አንተ ነህ፣ አልክድም። እማዬ ታማ ሆስፒታል ሌት ተቀን የተመላለስከውም አንተ ነህ። ሦስት ቀን ሙሉ አንተን አንዴ ከመስታወቱ ጋር አንዴ ከካርዱ ጋር ሳስቀምጥ ሳነሣ ነበር። ደውዬ «ንገረኝ፣ ከአፍህ ልስማው» ልልህ ፈልጌ እሑድ ደወልኩ። ያነሣኸው ቸኩለህ ነው። ገና ሳልጀምር፣ አሳታሚዋ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉና አደራ ፀጉራቸውን አሳምሪልኝ አልከኝ። «ደግሞ ስለ ሙዚቃ አታውሪባቸው፤ በቀቀንነትሽን ይታዘቡሻል» አልክና ሳቅክ።

ይኸውልህ፣ ያቺ ሳቅህ ናት ሁሉን የጨረሰችው።

አሳታሚዋ ዛሬ ጠዋት መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ቁጥብ። የፀጉራቸው ሥር ሸብቷል፤ ቀለም መቀባት፣ ማጠብ፣ መጠቅለል፣ ማድረቅ፣ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ሰኞ ስለሆነ ሌላ ሰው የለም። እንዳልከኝ ስለ ሙዚቃ አላወራሁባቸውም፤ ሸክላ ብቻ ነው ያስቀመጥኩላቸው። ቀለሙ እስኪይዝ ትራምፔቱን፣ ሲጠቀለሉ ሽማግሌውንና ጊታሩን። «ምን ይመስልሻል?» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። አንተም እንደዚያው ነበር የምትለኝ፤ ስለዚህ መለስኩላቸው። በሁለተኛው ላይ፣ ረቂቅህን አንብበውት የለ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። በሦስተኛው ላይ ወንበሩን አዙረው ፊት ለፊት አዩኝ፣ የፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲን በራሳቸው እንደተንጠለጠለ። ያኔ አንተ አሰምተኸኝ የማታውቀውን ሸክላ አወጣሁ፤ ካርቶኑ ታች ያለውን፣ የመዘምራኑን፣ ካርድ የሌለውን። አስቀመጥኩት። ምን እንዳልኩ ለአንተ አልነግርህም። ሴትዮዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሳህኑ ላይ ትንሽ ቀለም ተርፎ ነበር። የምጠቀምበትን ታውቀዋለህ፤ አንድ ጊዜ ሸሚዝህን ነክቶት ስንት ቀን አዘፍዝፈህ አልለቅ ብሎህ ሰድበኸኛል። ቀጭኗን ብሩሽ አነሣሁና አርባ ሰባቱን ካርዶች መስታወትህ ፊት ደረደርኳቸው። እ. ያልክበት ቦታ ሁሉ ነጥቧን አጥፍቼ የጎደለውን ጨመርኩልህ። እ ነበረች፣ እህቴ ሆነች። አርባ ሰባት ጊዜ፣ በጥቁር ቀለም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጥግ ላይ አውራ ጣቴን ጫን አደረግኩበት፣ እጄን ሳልታጠብ። ሴትዮዋ አላስቆሙኝም። እንዲያውም የደረቁትን እየለዩ በተርታ አስቀመጡልኝ፣ ሲጨርሱም በቦርሳቸው ያዟቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሦስቱን ካርቶን ልኬልሃለሁ። ሦስቱ እዚሁ ይቀራሉ፤ አባባ የእኔም አባት ነው። አምስቱን ታላቅ ሥራዎችህንም አብሬ ልኬልሃለሁ፣ የሰው ነገር አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ የምታነበው እሳቸው ፊት ተቀምጠህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በእጃቸው ነው የሚያደርሱልህ፣ ራሳቸው ናቸው ነገ መጥቼ ልውሰደው ያሉት። እስቲ አንድ ጊዜ ቀና በልና ፀጉራቸውን እይልኝ። አደራህን ተወጥቻለሁ አይደል?

ፊርማው ሐሙስ ነው ብለኸኝ ነበር። ሴትዮዋም ሐሙስ ነው ያሉኝ። ለእኔ አራት ሰዓት ላይ ድረሺ ብለውኛል፤ ላንተ ስንት ሰዓት እንዳሉህ አልጠየቅኳቸውም። ብትመጣ ግን ከኋላ ወንበር ቦታ እንዲያዝልህ ነግሬያለሁ።

ለልጆቹ ጤና፣ ለባለቤትህ ትዕግሥት ይስጥልኝ። ላንተ ደግሞ እግዜር ጆሮህን ይጠብቅልህ፤ ገና ብዙ የምትሰማው አለ። ስሚና ንገሪኝ ትለኝ አልነበር? ሰምቼ ነገርኩልህ።

እህትህ